ቅጥሩ ሥር በሰላም መድረስ፦ የከበባ ከለላ በጥንት ጦርነት ጌሞች

የጥንት ጦርነትን የሚያሳዩ የስትራቴጂ ጌሞችን የሚጫወት ሁሉ ፈጠነም ዘገየም አንድ ቀን ከቅጥር ፊት ይቆማል። ከላይ ቀስተኞች ተደርድረዋል፤ በሩ ተዘግቷል፤ በተጫዋቹና በቅጥሩ መካከል መሸሸጊያ የሌለው ሜዳ ተዘርግቷል። አብዛኛው ተጫዋች በዚህ ሰዓት የሚያስበው ስለሚያፈርሰው መሣሪያ ነው። ድንጋይ ወርዋሪው ስንት ይሁን? ማፍረሻ ግንዱ በሩን በስንት ምት ይሰብራል? ሜዳውን በምን ከለላ እንደሚሻገር መጠየቅ የሚጀምረው የእግረኛው ግማሽ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በዚያ በተዘነጋው ጥያቄ ላይ ነው። የከበባ ከለላ ስንል ወታደርን ከቀስትና ከድንጋይ ሸፍነው ወደ ቅጥር የሚያደርሱትን ሁሉ ማለታችን ነው፦ ጣሪያ የተሠራለት ማፍረሻ ግንድ፣ ተንቀሳቃሽ ማማ፣ ጎማ ያለው መከለያ፣ በጋሻ የተሠራ የኤሊ ሰልፍ። በታሪክ ምን ሥራ ሠሩ? ታዋቂዎቹ ጌሞች እንዴት አቀረቧቸው? ተጫዋቹስ መቼና እንዴት ቢጠቀምባቸው ይበጃል? የኔ አቋም ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ከለላ የሚመዘነው ስንት ጠላት ገደለ ተብሎ አይደለም፤ ስንት ወታደር ቅጥሩ ሥር በሕይወት አደረሰ ተብሎ ነው። ይህን መመዘኛ የሚያከብር ጌም ጥሩ የከበባ ጌም ነው፤ የሚዘነጋው ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢያምርለት እንኳ ጎዶሎ ነው።

ታሪኩ የሚያስተምረው

የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት የይሁዳን ከተማ ለኪሶን ከብቦ ያዘ፤ ድሉንም በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀረጸ። ቅርጾቹ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ይታያሉ። ማፍረሻ መሣሪያዎቹ በተደለደለ አፈር ላይ ወደ ቅጥሩ ሲወጡ፣ ተከላካዮቹ ከላይ የሚነድ ችቦ ሲወረውሩባቸው፣ በመሣሪያው ላይ ያለ ወታደርም በረጅም ጭልፋ ውሃ እያፈሰሰ እሳቱን ሲያጠፋ ይታያል። ከኋላ ያሉት ቀስተኞች ደግሞ ቁመታቸውን በሚያክል ጋሻ ተከልለው ይተኩሳሉ። የከበባ ከለላ ዋና ዋና ነገሮች በሙሉ በዚህ አንድ ሥዕል ውስጥ አሉ፦ መሣሪያው፣ መንገዱ፣ እሳት የሚያጠፋው ሰው፣ ከኋላ የሚሸፍነው ቀስተኛ።

ከዚያ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ግብጽን ሲወርር የሄርሞፖሊስን ከተማ ከብቦ ነበር። በጀበል ባርካል የተገኘው የድል ሐውልቱ እንደሚተርከው ከቅጥሩ አጠገብ አፈር ተደለደለ፤ ቀስተኞችና ወንጭፈኞች ከፍ ብለው እንዲመቱም ማማ ተሠራ። እዚህ የማማው ተግባር ቅጥሩን ማፍረስ አልነበረም። ተኳሹን ከተከላካዩ ከፍታ ጋር ማስተካከል ነበር።

ግሪኮች ነገሩን ወደ ግዙፍነት ወሰዱት። የጦር መሪው ድሜጥሮስ የሮድስን ከተማ በከበበ ጊዜ (305–304 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ያሠራው “ሄሌፖሊስ” የተባለ ማማ ዘጠኝ ፎቅ ነበረው፤ ሦስት ጎኖቹም በብረት የተለበጡ ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ እንደሚለው 3,400 የተመረጡ ሰዎች ያንቀሳቅሱት ነበር። መስኮቶቹ ሱፍ በተሞላ ቆዳ የሚዘጉ መከለያዎች ነበሯቸው፤ ድንጋይ ሲመታቸው ኃይሉን ያለዝባሉ። ሆኖም ሮድሳውያን በሌሊት ባደረጉት ጥቃት አንዳንድ የብረት ልባጦች ወደቁ፤ ድሜጥሮስም ማማው እንዳይቃጠል ወደ ኋላ ለመሳብ ተገደደ። ሮማዊው ቪትሩቪየስ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል፦ ሮድሳውያን ማማው በሚመጣበት መንገድ ላይ ውሃና ጭቃ ስላፈሰሱበት መሣሪያው እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ከበባው በስምምነት ተጠናቀቀ፤ ከተማዋም አልተያዘችም።

ሮማውያን ከግዝፈት ይልቅ ሥርዓትን መረጡ። ቬጌቲየስ የተባለው ጸሐፊ የገለጸው ቪኒያ የተሰኘ ዳስ 8 ጫማ ስፋት፣ 7 ጫማ ከፍታና 16 ጫማ ርዝመት ነበረው። ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ ጎኑ በቅርንጫፍ የተጠለፈ፣ ከላይ ጥሬ ቆዳ የለበሰ ነበር። ብዙዎቹ ሲገጣጠሙ እስከ ቅጥሩ የሚዘልቅ የተሸፈነ መተላለፊያ ይሆናሉ። ቪትሩቪየስ ለእሳት መከላከያ የሚመክረው ድርብ ሆኖ የተሰፋ ጥሬ ቆዳ ነው፤ ውስጡም በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ የባሕር ሣር ወይም ገለባ ይሞላበታል።

ከሁሉ ይበልጥ ዝርዝር ያለው ምሳሌ የማሲሊያ ከበባ ነው። ይህች ከተማ የዛሬዋ ማርሴይ ናት፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 49 ዓመት ነው። የቄሣር አዛዥ ትሬቦኒየስ ከጡብ ግንብ ተነሥቶ እስከ ጠላት ቅጥር የሚደርስ 60 ጫማ ርዝመት ያለው ጠንካራ መተላለፊያ አሠራ። ጣሪያው ለእሳት ጡብና ጭቃ ተደረገበት፤ ጡቡን ውሃ እንዳያሟሟው ቆዳ ተነጠፈበት፤ ቆዳውን ደግሞ እሳትና ድንጋይ እንዳይጎዳው ወፍራም ድሪቶ ተደረበበት። ተከላካዮቹ ትልልቅ ድንጋይ ከላይ ለቀቁበት፤ ቻለው። በሚነድ ዝፍት የተሞሉ በርሜሎች ጣሉበት፤ ጣሪያው ቁልቁል ስለሆነ ተንከባለው ወደቁ፤ ከውስጥ ያሉት ወታደሮችም በረጅም እንጨት ገፍተው አራቋቸው። በዚህ መካከል ከሥሩ ያሉት ሮማውያን የጠላትን ግንብ የመሠረት ድንጋዮች በብረት እየፈነቀሉ ያወጡ ነበር። ግንቡም በከፊል ተደረመሰ። ነገር ግን ማሲሊያውያን ተኩስ አቁም ጠይቀው ጥበቃው በላላ ጊዜ፣ ነፋስ የረዳቸውን ቀን መርጠው ከበር ወጡና የሮማውያንን ሥራ አቃጠሉት። ያን ሁሉ ምት የቻለው ከለላ ጠባቂ ባጣ ቀን ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ67 የሮማው አዛዥ ቬስፓስያን በገሊላ ዮታፓታን ሲከብብ ተከላካዮቹን የመራውና በኋላም ታሪኩን የጻፈው ዮሴፍ ነበር። ገለባ የተሞላ ጆንያ በገመድ እያወረዱ የማፍረሻውን ግንድ ምት አለዘቡ፤ ሮማውያንም ረጅም እንጨት ላይ ማጭድ አስረው ገመዱን ቆረጡ። ወታደሮቹ ጋሻ ለጋሻ ገጥመው ሲጠጉ የፈላ ዘይት ተደፋባቸው፤ ዘይቱ በጦር ዕቃቸው ውስጥ ሰርጎ ገባ። በመወጣጫ ሳንቃዎቹ ላይ ደግሞ የተቀቀለ አብሽ ፈሰሰ፤ የሚወጡትም እየተንሸራተቱ ወደቁ።

ከእነዚህ ሁሉ ሦስት ትምህርት ይወጣል። አንደኛ፣ ከለላ የሚከላከለው የተወሰነ ነገርን ነው፤ ቀስትን የሚችል ጣሪያ ዘይትን ላይችል ይችላል። ሁለተኛ፣ ከለላ መሬት ይፈልጋል፤ ጭቃ፣ ቦይና ዳገት ያቆሙታል። ሦስተኛ፣ ከለላ ራሱን አይጠብቅም፤ ከአጠገቡ ሰይፍ የያዘ ሰው ያስፈልገዋል። አንድን ጌም ለመመዘን እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ።

የቅጽበት ስትራቴጂ ጌሞች

ሠራዊት እየገነቡ በቅጽበት ከሚዋጉባቸው ጌሞች መካከል በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ነው። ዘመኑ በአብዛኛው መካከለኛው ዘመን ቢሆንም ለጥያቄያችን ግልጽ መልስ ስላለው መታለፍ የለበትም። እዚህ ማፍረሻ ግንዱ ራሱ ከለላ ነው። ለቀስት ያለው መከላከያ 180 ነጥብ ስለሆነ ቀስት ምንም ያህል ቢዘንብበት የሚጎዳው ከቁጥር የማይገባ ነው። በተቃራኒው ሰይፍ የያዘ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ሌላው ቀርቶ መሣሪያ የያዘ ገበሬ ቀርቦ ከደበደበው በቶሎ ይሰባብረዋል። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ትምህርት እዚህ በቁጥር ተተርጉመዋል።

የጌሙ ትልቁ ብልሃት ግን እግረኛ ወታደሮች ግንዱ ውስጥ መግባት መቻላቸው ነው። ሲገቡ ከቀስት ይጠበቃሉ፤ ግንዱም ይፈጥናል፤ ምቱም ይበረታል። ጠላት ፈረሰኛ ሲልክ ጦረኞቹ ወጥተው ግንዱን ይከላከላሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች ግንድን ያለ ጦረኛ፣ ጦረኛንም ያለ ግንድ ወደ ምሽግ አይልክም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ማስፋፊያ ተንቀሳቃሽ ማማ ተጨመረ፤ እግረኛን ይዞ ቅጥር ላይ ያሻግራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህ ጌም ቅጥርን መስበር ከባድ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ግንዱ ይበልጠዋል።

ዜሮ ኤ.ዲ. በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለሁሉ ክፍት የሆነ ጌም ነው፤ ጥንታዊውን ዓለም በቀጥታ ይዟል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኩሽም ከሕዝቦቹ አንዱ ነው። በዚህ ጌም ማፍረሻ ግንድ ሕንፃን እንጂ ወታደርን መምታት አይችልም፤ ቀስት ብዙም አይጎዳውም፤ ሰይፈኛ ግን ይጥለዋል። ማማው ደግሞ በውስጡ የገባው ወታደር በበዛ ቁጥር የሚወረውረው ቀስት ይበዛል፤ ባዶውን ከተላከ ዋጋ የለውም። ይህ የፒዬን ማማ አሳብ በትክክል የያዘ ነው፦ ማማው ዕቃ ነው፤ የሚዋጋው ሰው ነው።

ፕሪቶሪያንስ (እ.ኤ.አ. 2003) በአንድ ነገር ከሁለቱም ይለያል። የሀብት ማውጣት ሥራ የለበትም፤ ተጫዋቹ ያለው ሰው ብቻ ነው። የከበባ መሣሪያን ወታደሮች ራሳቸው ይሠሩታል፤ ካልያዙትም አይንቀሳቀስም። ሌጌዎኖቹ የኤሊ ሰልፍ ሲሠሩ ከቀስት ይጠበቃሉ፤ በምትኩ እርምጃቸው ይንቀረፈፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ከለላ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ፍጥነትና ሰው ነው። በኔ ግምት የከለላን ትርጉም ለጀማሪ በአጭር ጊዜ የሚያስተምር ጌም ይህ ነው።

የቶታል ዋር ተከታታይ

ከበባን በሰፊ ሥዕል ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ቶታል ዋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሮም፦ ቶታል ዋር ከለላን በዘመቻው ካርታ ላይ ካለው ጊዜ ጋር አያይዞታል። ከተማ ከብቦ የተቀመጠ ሠራዊት በየተራው ግንድ፣ መሰላልና ማማ ይሠራል። የቸኮለ በመሰላል ይገባል፤ የታገሠ በማማ። ግንዱና ማማው በሚነድ ቀስት ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ በድንጋይ ቅጥር በር ላይ ደግሞ የፈላ ዘይት ይጠብቃል። በጌሙ “የማሪየስ ለውጥ” ከተባለው የሠራዊት ማሻሻያ በኋላ የሚመጡት ሌጌዎኖች የኤሊ ሰልፍ ያውቃሉ። ተጫዋቹ የሚመርጠው በአደጋዎች መካከል ነው፦ በበሩ ዘይት፣ በማማው እሳት፣ በመሰላሉ ቀስት። እ.ኤ.አ. በ2021 በአዲስ መልክ ታድሶ ሲወጣም ይህ መሠረት አልተነካም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሮም 2 በሥዕል ጥራት ብዙ ርቆ ሄደ፤ በከለላ ጉዳይ ግን ከባድ ስህተት ሠራ። ማንኛውም እግረኛ ወደ በሩ ተጠግቶ ችቦ በመወርወር በሩን ማቃጠል ቻለ። ችቦ ያለው ሁሉ በር መክፈት ከቻለ ግንድ ለምን ይሠራል? ለምንስ ተራ ይጠበቃል? ተጫዋቾች በዚህ ላይ ያሰሙት ቅሬታ ትክክል ነበር። ከለላን ዋጋ የሚያሳጣው የራሱ ድክመት ብቻ አይደለም፤ ያለ ከለላ የሚያስገባ አቋራጭ መንገድ መኖሩም ነው። የኤሊ ሰልፉ ግን በሮም 2 ጥሩ ሆኖ ተሠርቷል፤ ከቀስት አጥብቆ ይከላከላል፤ ለዘገምተኛነቱና ለቅርብ ውጊያ ድክመቱም ይቅርታ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው አቲላ ደግሞ ከበባ በረዘመ ቁጥር ቅጥሩ እየፈራረሰ እንዲሄድ አደረገ። ይህ ትዕግሥትን የሚሸልም ሥርዓት ነው። ታግሦ የከበበ ሠራዊት በተከፈተው ክፍተት ስለሚገባ የሚያስፈልገው ከለላ ያንሳል፤ የሚቸኩል ግን በሙሉ ከለላ መምጣት አለበት። ጊዜና ከለላ እርስ በርስ እንዲተካኩ ማድረጉ በታሪክም ትክክል ነው።

ተራ በተራ የሚጫወቱት

ሲቪላይዜሽን 6 (እ.ኤ.አ. 2016) ነገሩን ወደ ቀላል ሕግ ጠቅልሎታል። ማፍረሻ ግንድና ማማ ደጋፊ ዩኒቶች ናቸው፤ ከተዋጊ ዩኒት ጋር በአንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ራሳቸው አይዋጉም። ግንዱ ከከተማው አጠገብ ከቆመ የቅርብ ተዋጊዎች በቅጥሩ ላይ ሙሉ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ማማው ካለ ቅጥሩን አልፈው ከተማውን ይመታሉ። ግንዱ በጥንታዊው ቅጥር ላይ ብቻ ይሠራል፤ ማማው እስከ መካከለኛው ዘመን ቅጥር ድረስ ይሄዳል። ሕጉ ለአሳብ ግልጽ ነው፤ ጉድለቱ ግን መሣሪያው ወታደሩን ከቀስት የማይሸፍን መሆኑ ነው። ስሙ ማማ ሆኖ ሥራው የጥቃት ማጎልበቻ ሆኗል። ሦስተኛውን ትምህርት ያስተምራል፤ የመጀመሪያውን ይዘለዋል።

እንዴት ይጠቀሙበት?

ከዚህ ሁሉ ለተጫዋች የሚተርፍ ተግባራዊ ምክር አለ።

በመጀመሪያ ጠላት በምን እንደሚመታ ይወቁ። ቅጥሩ ላይ ያሉት ቀስተኞች ከሆኑ ግንድና ኤሊ ሰልፍ ይበቃሉ። ድንጋይ ወርዋሪ ካለ ግን ተጠጋግቶ የሚሄድ ሰልፍ ራሱ ኢላማ ይሆናል፤ እንዲህ ሲሆን ተራርቆና ፈጥኖ መሄድ ይሻላል፤ ወይም ወርዋሪውን አስቀድሞ ማጥፋት። በውስጥ ፈረሰኛ ካለ ከበር መውጣቱ አይቀርምና ረጅም ጦር የያዙትን ከግንዱ ግራና ቀኝ ያቁሙ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅደም ተከተል ነው። ቀስት የማይበግረው ከፊት ይሂድ፤ የጠላት ተኩስ እሱ ላይ ሲያልቅ እግረኛው ይከተል። የራስዎ ቀስተኞች ደግሞ ከኋላ ሆነው ቅጥሩ ላይ ያሉትን አንገት ያስደፉ። የለኪሶው ቅርጽ የሚያሳየው ይህንኑ አሰላለፍ ነው።

ሦስተኛ፣ ከአንድ ቦታ በላይ ይምጡ። ሁሉም ከለላ ወደ አንድ በር ከሄደ ተከላካዩም ኃይሉን ሁሉ እዚያው ያከማቻል። በአንዱ ጎን ማማ፣ በሌላው ግንድ ከቀረበ ግን ጠባቂው ይከፈላል። አንዱ ቢቃጠል እንኳ ሌላው ይደርሳል።

አራተኛ፣ ከለላውን መቼ እንደሚተዉት ይወስኑ። ወታደሩ በሩን ካለፈ በኋላ በኤሊ ሰልፍ መቆየት ሞት ነው፤ ሰልፉን ፈትቶ መዋጋት አለበት። ግንዱም በሩን ከሰበረ በኋላ ወደ ኋላ ይመለስ ወይም ለሚቀጥለው ግንብ ይቆይ እንጂ በጠባብ መንገድ ላይ የራስዎን ሰው አይዝጋ።

ተከላካይ ለሆነውም ምክሩ ከዚሁ ይወጣል። ከቅጥሩ ላይ ሆነው ግንድን በቀስት ሲደበድቡ መዋል ቀስት ማባከን ነው። ጠባቂዎቹ ከግንዱ የራቁበትን ሰዓት ጠብቀው፣ እንደ ማሲሊያውያን ከበር ወጥተው ይምቱት።

የጎደለው ምንድን ነው?

ጌሞቹን ከታሪኩ አጠገብ ስናስቀምጣቸው አራት ክፍተቶች ይታያሉ። አንደኛው እሳትን የመከላከል ሥራ ነው፤ እርጥብ ቆዳ፣ ጭቃ፣ ውሃ የሚያፈስ ሰው በጥንቱ ከበባ ዋና ጉዳይ ሆነው ሳለ በጌሞቹ ውስጥ ማማው ወይ ይቃጠላል ወይ አይቃጠልም፤ ተጫዋቹ የሚያደርገው ነገር የለም። ሁለተኛው ቦይ መሙላትና አፈር መደልደል ነው። ቪትሩቪየስ ለቦይ መሙያ ብቻ የተሠራ የተለየ ከለላ ይገልጻል፤ በጌሞቹ ግን መሬቱ ሁልጊዜ ለጎማ የተመቸ ነው። ሦስተኛው የቀስተኛው ተንቀሳቃሽ መከለያ ነው። ቀላል፣ ርካሽና ከአሦር ዘመን ጀምሮ የነበረ መሣሪያ ሆኖ ሳለ ግዙፉ ማማ ቦታውን ወስዶበታል። አራተኛው መሣሪያውን የሚገፋው ሰው ነው። ከፕሪቶሪያንስና በተወሰነ ደረጃ ከሮም በስተቀር መሣሪያው በራሱ የሚሄድ ይመስላል፤ የሄሌፖሊስ 3,400 ሰዎች የትም የሉም።

እነዚህ ዝርዝሮች ጌሙን ሳያስፈልግ ያከብዱታል የሚል ክርክር አለ፤ የሚያሳምን ጎን አለው። ሁሉንም መጨመር አያስፈልግም። ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሳቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ለተከላካዩም ለአጥቂውም በአንድ ጊዜ ውሳኔ ይፈጥራል።

የእኛ አገርና ይህ ጉዳይ

በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ኢትዮጵያም አለች። በአቲላ “ኢምፓየርስ ኦፍ ሳንድ” በተባለው ማስፋፊያ አክሱም ከሚመረጡት መንግሥታት አንዷ ናት። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ኢትዮጵያውያን ሾተል የያዘ ልዩ ተዋጊ ብቻ ሳይሆን፣ የከበባ መሣሪያዎቻቸው ምት የሚሸፍነውን ቦታ የሚያሰፋ የራሳቸው ቴክኖሎጂም አላቸው። ለጨዋታ ሚዛን የተሰጠ ነው፤ ተጫዋቹ ደስ ይለዋል። የአገራችን የምሽግ ታሪክ ግን ሌላ መልክ አለው። የኛ ትልቁ ምሽግ አምባ ነው፦ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው ጠባብ፣ አናቱ ሜዳ። ግሸንን የመሰለ አምባ ላይ ጎማ ያለው ማማ አይወጣም፤ ማፍረሻ ግንድም የሚመታው ቅጥር አያገኝም። እዚያ ከለላ የሚሆነው ጨለማ፣ ጉም፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው። ከሦስቱ ትምህርቶች ሁለተኛው፣ የመሬቱ ጉዳይ፣ ከየትኛውም ቦታ ይበልጥ እዚህ ይገናል።

ፍርድ

በአጠቃላይ ስመዝናቸው ከለላን ከሰው ጋር ያስተሳሰሩት ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2፣ ዜሮ ኤ.ዲ. እና ፕሪቶሪያንስ ናቸው። ከአደጋና ከጊዜ ጋር ያስተሳሰሩት የመጀመሪያው ሮምና አቲላ ናቸው። ሮም 2 በበሩ ችቦ ምክንያት ከእነሱ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሲቪላይዜሽን 6 ደግሞ ለአሳብ መግቢያ እንጂ ለከበባ ልምድ አይበቃም። አንድ ብቻ ምረጥ ለሚለኝ ገንዘብ የማያስከፍለውንና ዘመኑን በትክክል የያዘውን ዜሮ ኤ.ዲ.ን እመክራለሁ።

የራሳችንን ታሪክ ወደ ጌም ለማምጣት የምታስቡ ወጣት ባለሙያዎች ደግሞ ከሌሎች ማማና ግንድ አትቅዱ። አምባውን አጥኑ፤ ወታደሩ በየት በኩል፣ በምን ተከልሎ፣ ከማን ጋር ወጣ ብላችሁ ጠይቁ። መሣሪያውን መንደፍ የሚጀመረው የዚያ ጥያቄ መልስ ከተገኘ በኋላ ነው።